እንጦጦ ባዶ ሆኖ አያውቅም

እንጦጦ ፓርክ የተመረቀው መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ነበር። ያኔ የተነሳው ክርክር ዛሬም ብዙ አልተቀየረም። አንዱ ወገን «አዲስ አበባ መተንፈሻ አገኘች» ይላል። ሌላው ደግሞ «ለማን? ለባለ መኪናው ነዋ!» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ዚፕላይኑ፣ ስለ ጎካርቱ፣ ስለ ፈረስ ግልቢያውና ስለ ማኪያቶው ዋጋ ነው። ከውጭ ዘመድ ሲመጣ መጀመሪያ ወዴት እንደሚወሰድም ይታወቃል። እዚያ ፎቶ ሳይነሱ መመለስ የለም።

የዋጋው ጥያቄ ተገቢ ነው። ግን ዋናው ጉዳይ እሱ አይመስለኝም። መዝናኛው የተራራው ትንሽ ቁራሽ ነው። ከሱ ውጭ ያለው ሰፊው እንጦጦ ጫካ ነው፤ አብዛኛው ደግሞ ባሕር ዛፍ። ያንን ዛፍ ማን ይቆርጠዋል? በምን ይተካል? ለዘመናት በሱ የኖረው ሰውስ ወዴት ይሄዳል? የእንጦጦ ዕጣ የሚወሰነው በነዚህ ጥያቄዎች ነው። ስለነሱ ደግሞ ብዙም አናወራም።

እስቲ ከቦታው እንነሳ። የእንጦጦ ጫፍ 3,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ነው። ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ የወጣ ሰው ትንፋሽ ቢያጥረው አይገርምም። አትሌቶቻችን ማለዳ እዚያ የሚሮጡትም ለዚሁ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴን ጨምሮ ስንቱ ሯጭ ሳንባውን ያሰፋው በዚያ ጫካ ውስጥ ነው። መግቢያም ትኬትም ሳይኖር ማለት ነው።

ከከፍታው ይልቅ እኔን የሚገርመኝ የውሃው ነገር ነው። የእንጦጦ ጀርባ የሁለት ተፋሰሶች ወሰን ነው። በስተደቡብ የወረደ ዝናብ በቀበና፣ በግንፍሌና በሌሎቹ ወንዞች አድርጎ ከተማዋን ያቋርጣል። ከዚያ አቃቂ ይገባል፣ ከዚያ አዋሽ። አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ አፋር ላይ ይቀራል። በስተሰሜን በኩል የወረደው በሱሉልታ ሜዳ አልፎ ወደ ሙገር ይሄዳል፣ ከሙገር ወደ ዓባይ። ጥቂት እርምጃ ተራርቀው የወደቁ ሁለት ጠብታዎች አንዱ አቤ ሐይቅ፣ ሌላው ሜዲትራኒያን ሊደርስ ይችላል። ወንዞቹን ከእንጦጦ እስከ አቃቂ ለማስዋብ የታቀደው «ሸገርን ማስዋብ» ፕሮጀክት 56 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ነው። የዚያ ሁሉ መነሻ ተራራው ነው። ላይ ያለው አፈር ከታጠበ ታች የተነጠፈው ድንጋይ የትም አያደርስም።

አፈሩ ለምን ይታጠባል? መልሱ ወደ ምኒልክ ዘመን ይመልሰናል።

ምኒልክ ከአዲስ አበባ በፊት የከተሙት ላይ፣ እንጦጦ ነበር። በጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. የነገሡትም በእንጦጦ ማርያም ነው። ቦታው ለጦር ጥሩ ነው፤ ጠላት ከሩቅ ይታያል። ለኑሮ ግን አይመችም። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ውሃውም እህሉም ዳገት መውጣት አለበት። እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃን ወደው ታች ቤት ማሠራታቸውን ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረናል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች፤ ቀስ በቀስም ከተማው ወደ ታች ወረደ።

ከተማው ሲወርድ ግን ተራራውን አራቁቶ ነበር። ጽዱ፣ ወይራው፣ ኮሶው ለቤት መሥሪያና ለማገዶ አለቀ። የቤተ መንግሥቱ ግብር ብቻ ምን ያህል እንጨት እንደሚፈጅ አስቡት። በሺህ የሚቆጠር ሰው ይበላል፣ በእንጨት ነው የሚበስለው። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ችግሩ ስለከፋ ምኒልክ በስተምዕራብ አዲስ ዓለም ላይ ሌላ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። ዋና ከተማው ሊነቀል ነበር። እንጨት አልቆ ከተማ መቀየር በዘመኑ አዲስ ነገር አልነበረም።

አዲስ አበባን ያተረፋት ባሕር ዛፍ ነው። ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ዛፍ በ1880ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ገብቶ ነበር። ቶሎ ያድጋል። ከብት አይበላውም። ሲቆረጥ ጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ አንድ ጊዜ የተተከለ ደጋግሞ ይታጨዳል። በጥቂት ዓመት ውስጥ ከተማው በባሕር ዛፍ ተከበበ። ምኒልክም እዚሁ ቀሩ፤ አዲስ ዓለም ላይ የተጀመረው ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ስለዚህ ዛሬ «ይህ ውሃ ጠጪ ዛፍ ይነቀል» የሚል ሰው ስሰማ ትንሽ ቅር ይለኛል። ዛፉ ባይኖር ይህን የሚለው ሰው አዲስ አበቤ አይሆንም ነበር።

ከዚያ ወዲህ እንጦጦ የከተማው የማገዶ ጎተራ ሆነ። የጭቃ ቤቱ ማገርና ቋሚ ከዚያ ነው። ፎቅ ሲሠራ ዙሪያውን የሚታሰረው አጣና ባሕር ዛፍ ነው። ደረቁ ቅጠል የእንጀራ ምጣድ ያሰማል፤ ግንዱ ዳቦ ቤት ይገባል። መሬቱን መጀመሪያ የያዙት መኳንንትና ባለርስቶች ነበሩ። በ1967 ዓ.ም. መሬት የመንግሥት ሲሆን ጫካውም የመንግሥት ሆነ። ጥበቃ ተቀጠረ። ማገዶ ፈላጊው ግን አልቀነሰም፤ ከተማው እያበጠ ሲሄድ እንዲያውም በዛ።

እዚህ ላይ ሴቶቹ ይመጣሉ። በእንጦጦ ቁልቁለት የወረደ ሰው ሁሉ አይቷቸዋል። ከራሳቸው ክብደት የማይተናነስ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው አዝለው፣ ወገባቸው ታጥፎ፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ይወርዳሉ። መኪና ጥሩንባ ሲነፋ ዞር ብለው ማየት እንኳ አይችሉም። እናቶች አሉ፣ ልጃገረዶች አሉ፣ ዕድሜያቸው የገፋ አሮጊቶችም አሉ። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «ያሳዝናል» ብሎ ያልፋል። ማዘን ጥሩ ነው፤ ግን ሥራው ለምን እንደማይቆም አይነግረንም።

ሥራው የማይቆመው ቀላል ምክንያት ስላለው ነው። ካፒታሉ ገመድ ብቻ ነው። ከገጠር ትናንት የመጣች ሴት ዛሬ ልትጀምረው ትችላለች። መታወቂያ አይጠየቅም፣ ዋስ አይጠራም፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ የሚል የለም። ጠዋት የወጣች ማታ ጥሬ ብር ይዛ ትገባለች። ይህን የሚተካ ሥራ ቢፈለግ እነዚህን ሁሉ ማሟላት አለበት። በወር መጨረሻ የሚከፍል ሥራ እንኳ ዛሬ ማታ ለልጆቿ ዳቦ ለምትፈልግ እናት ሩቅ ነው።

አደጋውንም እነሱ ያውቁታል። ጅብ አለ። በጫካው ውስጥ የሚደፈሩ አሉ። ከጥበቃ ጋር ያለው ድብብቆሽ አለ። ደረቅ መልቀም አንድ ነገር ነው፤ እርጥብ መቁረጥ ሌላ። በሁለቱ መካከል ያለውን መስመር የሚያሰምረው ብዙ ጊዜ ዘበኛው ነው፣ እንደ ዕለቱ ስሜት። ገመድ ይቀማል፣ ሸክም ይበተናል፣ አንዳንዴ «የሻይ» ይባላል። አንድ ሰው ለአንድ ቀን እንጀራው ይህን ያህል ሲጉላላ ማየት ለማንም ደስ አይልም።

አሁን ወደ አፈሩ ልመለስ። ባሕር ዛፍ ሥር ሌላ ተክል በደንብ አይበቅልም። ዛፉ ውሃውን ይሻማል፤ ቅጠሉም የሌላውን ዘር ያዳክማል። ቢሆንም የረገፈው ቅጠል ራሱ መሬቱን እንደ ምንጣፍ ይሸፍናል፣ የዝናቡን ጉልበት ይቀንሳል። ቅጠሉ በየቀኑ ተጠርጎ ሲወሰድ ግን መሬቱ ራቁቱን ይቀራል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚወርደው ዝናብ ቀጥታ አፈሩን ይመታል፣ ይዞት ይወርዳል። ቀበና ቡናማ ሆኖ የሚጋልበው ለዚህ ነው። ወንዝ ዳር የሚኖረው ሰው በክረምት እንቅልፍ የሚያጣውም በከፊል ለዚህ ነው።

ይህን ሰምቶ «እንግዲያው ጥፋቱ የሴቶቹ ነው» ማለት ይቀላል። ስህተት ነው። ቅጠሉን የሚጠርገው እጅ የነሱ ይሁን እንጂ የሚያስጠርገው የታችኛው ከተማ ነው። መብራት ጠፍቶ ሊጥ ሲቦካ፣ የከሰልና የጋዝ ዋጋ ሲንር፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ መግዛት ሲያቅት ሰው ወደ ቅጠል ይመለሳል። የእንጦጦን አፈር ለማዳን ከሚያስፈልጉት ነገሮች አንዱ የማይቆራረጥ መብራት ነው ብል የምቀልድ እንዳይመስላችሁ።

መንግሥት ይህን ጨርሶ አላየውም ማለት አይቻልም። እንጨት ይሸከሙ የነበሩ እናቶች በከተማዋ በተከፈቱ ትልልቅ የእንጀራ መጋገሪያ ማዕከላት ሥራ እንዳገኙ በዜና ሰምተናል። ፓርኩም የተወሰኑትን ቀጥሯል። ከዚያ በፊትም የቀድሞ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ተደራጅተው ሽመና የሚሠሩበት ማኅበር ነበራቸው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ለማገዶ ቅጠል ስታወርድ የኖረች ሴት በኤሌክትሪክ ምጣድ ስትጋግር ማየት ያስደስታል። ችግሩ ገመዱ ወዲያው ሌላ ተረካቢ ማግኘቱ ነው። አንዷ ስትወጣ ከገጠር የመጣች ሌላ ትገባለች። ለሰዎቹ ሥራ መስጠትና ሥራውን ራሱ መለወጥ አንድ አይደለም።

የእኛ ታሪክ ብቻ እንዳይመስለን ከሎንዶን ዳር አንድ ነገር ላምጣ። ኤፒንግ የሚባል ጫካ አለ፣ 2,400 ሄክታር ገደማ። በ19ኛው መቶ ዘመን ባለመሬቶች እያጠሩ ሊከፋፈሉት ነበር። ላውተን የምትባል መንደር ነዋሪዎች ግን ጥንታዊ መብት ነበራቸው። በየዓመቱ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ድረስ፣ በእነሱ አቆጣጠር ከኖቬምበር 11 እኩለ ሌሊት እስከ ኤፕሪል 23 ማለት ነው፣ የዛፍ ቅርንጫፍ ለማገዶ ይቆርጣሉ። ቶማስ ዊሊንጌል የሚባል ሽማግሌ «አጥር ቢኖርም መብቴ ነው» ብሎ ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1866 ቤተሰቦቹ ታሠሩ። ነገሩ ሎንዶንን አነጋገረ።

በመጨረሻ ወደ ፍርድ ቤት የገባው የሎንዶን ሲቲ ኮርፖሬሽን ነው። የገባበት መንገድ ያስቃል። ኮርፖሬሽኑ በጫካው አካባቢ የመቃብር ቦታ ገዝቶ ነበር። ያ መሬት ከብት በጫካው የማሰማራት መብት አለው። ስለዚህ ከተማው «ከብቴን ላሰማራበት መብት ያለኝን ጫካ አጠሩብኝ» ብሎ ከሰሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1874 ረታ። በ1878 ጫካው በአዋጅ ለሕዝብ መዝናኛ ሳይታጠር እንዲቆይ ተደነገገ። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1882 መጥተው ለሕዝብ መሆኑን አወጁ።

ለእኛ የሚጠቅመው ግን የማገዶው ጉዳይ ነው። አዋጁ የላውተን ሰዎችን ቅርንጫፍ የመቁረጥ መብት አስቀረ። ዝም ብሎ ግን አላስቀረም፤ መብቱን ገመተው፣ ካሳ ከፈለ። 7,000 ፓውንድ ነበር። በገንዘቡ ለመንደሩ የሕዝብ አዳራሽ ተሠራ፣ ማንበቢያ ክፍልም ነበረው። «ሎፒንግ ሆል» ይባላል፣ ስሙ ራሱ የቅርንጫፍ መቁረጥ አዳራሽ እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 ተከፈተ፣ ዛሬም ቆሟል። ድሆቹ ማገዶ ለቃሚዎች ለማኝ ተደርገው አልታዩም። ከጫካው ላይ አንድ ድርሻ እንዳላቸው ተቆጥሮ ነው የተነሱት።

ለእንጦጦ ሴቶች እንዲህ ያለ ስሌት ማን ሠርቷል? መብት አልነበራቸውም ሊባል ይችላል። በወረቀት፣ እውነት ነው። ግን ከመቶ ዓመት በላይ ከተማው በነሱ ጀርባ ላይ ጋግሮ በልቷል። ፓርኩ ሲመጣ «ሥራ እንሰጣቸዋለን» ሲባል እንደ ችሮታ መሆኑ ይከነክነኛል።

ሌላም ነገር አለ። እንጦጦን ሁላችንም «የከተማ ዳር» እንላለን። ዳር መሆኑ ግን ሊያበቃ ነው። በ2015 ዓ.ም. ሱሉልታን፣ ቡራዩን፣ ለገጣፎ ለገዳዲን፣ ሰበታን፣ ገላንን የጨመረ ሸገር ከተማ ተመሥርቷል። በተራራው በስተጀርባ ያለው የሱሉልታ ሜዳ ድሮ የእርሻና የግጦሽ መሬት ነበር። ዛሬ የታሸገ ውሃ ፋብሪካ፣ የመኖሪያ መንደርና የሩጫ መም አለበት። በምሥራቅ በኩል ደግሞ የካ ተራራ ላይ «ጫካ ፕሮጀክት» የተባለው አዲስ ቤተ መንግሥትና መንደር እየተገነባ ነው። እንጦጦ ከፊትም ከኋላም ከተማ ይዞታል። ከጊዜ በኋላ ዳር ሳይሆን መሃል ይሆናል ማለት ነው።

መሃል የሆነ ክፍት ቦታ ደግሞ በከተማችን ምን እንደሚገጥመው አይተናል። ጃን ሜዳን ተመልከቱ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ የፒያሳው አትክልት ተራ ወደዚያ ተዛወረ። ለጊዜው ነው ተባለ፤ ወራት ቆየ። ለ2013ቱ ጥምቀት ሜዳውን ለማስለቀቅና ለማጽዳት ምን ያህል ሩጫ እንደነበር የምናስታውስ እናስታውሳለን። ነጋዴዎቹ ላይ አልፈርድም፣ የታዘዙበት ነው የሄዱት። ግን ክፍት ቦታ እኛ ዘንድ ገና ሥራ ያልተገኘለት ባዶ ቦታ ተደርጎ ነው የሚታየው። ኳስ የሚጫወተው ልጅ፣ የሚሮጠው አትሌት፣ ታቦት የሚያጅበው ምእመን እንደ ተጠቃሚ አይቆጠርም።

እንጦጦም እንደዚያው ነው። ተራራው ከፓርኩ በፊትም ሥራ አልፈታም። ጸበል የሚጠመቅ አለ፣ ኪዳነ ምሕረትና ሽንቁሩ ሚካኤል። ጫፉ ላይ ቴሌስኮፖች ያሉት የሰማይ መመልከቻ ተቋም አለ። የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ባሕር ዛፉን በአገር በቀል ዛፍ ለመተካት ሲታገል ኖሯል። ጉለሌ በኩል በ2002 ዓ.ም. አካባቢ የተመሠረተው፣ ከ700 ሄክታር በላይ የሚሸፍነው የዕፅዋት ማዕከል የከተማው አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጋራ ሥራ ነው። ጽድ፣ ኮሶ፣ ዝግባ፣ ወይራ ተመልሰው የበቀሉባቸው ቦታዎች አሉ። የምኒልክ ድኩላም አልጠፋም። ይህ ሁሉ ያለ ዚፕላይን የተሠራ ነው።

አገር በቀሉን መመለስ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። ባሕር ዛፉን በአንድ ጊዜ መንቀል ተዳፋቱን ለዝናብ አሳልፎ መስጠት ነው። ጽድ ቀርፋፋ ነው፤ ጥላ የሚሰጥ እስኪሆን አሥርት ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ ባሕር ዛፉ እየሳሳ፣ በመካከሉ ችግኙ እየተተከለ፣ ጉቶው እንዳያቆጠቁጥ በየጊዜው እየተመለመለ ነው መሄድ ያለበት። ረጅምና አሰልቺ ሥራ ነው። ሪባን የሚቆረጥበት ቀን የለውም፤ ለዚህ ይመስለኛል ከሰኔና ሐምሌ የችግኝ ዘመቻ በኋላ ብዙ የማንሰማለት።

ኤፒንግ ላይ አንድ ያልተጠበቀ ነገር ተከስቶ ነበር። ቅርንጫፍ ቆራጮቹ ከሄዱ በኋላ ዛፎቹ ያለ ልክ ከበዱ። ጥላው በዛ፣ ሥር ያለው ተክል ጠፋ፣ ቅርንጫፍ ከብዶት የሚሰነጠቅ ዛፍ መጣ። ከመቶ ዓመት በኋላ የጫካው አስተዳዳሪዎች ሰው እየቀጠሩ ቅርንጫፍ ማስቆረጥ ጀመሩ። ድሮ ድሆቹ በነፃ ይሠሩት የነበረውን ማለት ነው።

እንጦጦ ላይም የሚያስፈልገው ጉልበት አለ፣ እዚያው። ማሳሳት፣ ጉቶ መመልመል፣ ችግኝ መንከባከብ፣ እርከን መሥራት፣ የተቆረጠውን ማውረድ። የትኛው ቁልቁለት በክረምት እንደሚንሸራተት፣ የትኛው ጉቶ ቶሎ እንደሚያቆጠቁጥ፣ የትኛው ጥግ ላይ ጽድ በራሱ እንደበቀለ ከነዚያ ሴቶች በላይ የሚያውቅ የለም። ዘበኛም ተካይም ሆነው ሊሠሩበት ይችላሉ። ክፍያው በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ ይሁን፣ ሸክሙም በአህያ ወይም በጋሪ ይውረድ፤ የሚቆረጠው ባሕር ዛፍም ለዳቦ ቤቱና ለግንባታው ተሽጦ ደመወዛቸውን በከፊል ይሸፍናል። ፓርኩ ውስጥ ከሚከፈልባቸው መዝናኛዎች ገቢ አንድ እጅ ለዚሁ በሕግ ቢታሰር ደግሞ ክርክሩ ሁሉ መልክ ይቀይር ነበር። ያኔ ዚፕላይን የሚጋልበው ወጣት የሚከፍለው ብር እግሩ ሥር ላለው ጫካ መሆኑን ያውቃል።

ይህን ለማድረግ መጀመሪያ ሁለቱ ከተሞች፣ አዲስ አበባና ሸገር፣ ስለ ተራራው አብረው መቀመጥ ይኖርባቸዋል። በአንደኛው ጎን ጽድ እየተተከለ በሌላኛው ጎን መሬት እየተሸነሸነ ከሆነ ውሃው ወሰን አያውቅም።